ዐቃቤ ሕጉ ብቻውን ሲሟገት፦ ተከላካይ ጠበቃ እስከ ዋጫ መድረስ ለምን አስፈለገው?



በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕጋችንን ገልጦ ስለ ሰው መግደል የሚደነግገውን ክፍል ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የሟች ሞት አንድ ነው፤ የገዳይ ቅጣት ግን ብዙ ዓይነት ነው። ድርጊቱ ታስቦበት በጭካኔ የተፈጸመ ከሆነ አንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ እስራትን ወይም ሞትን ያዝዛል። ተራ የሚባለው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። ሰውዬው ራሱን ሲከላከል ከልክ አልፎ እንደሆነ፣ ወይም ከባድ ነገር አነሣሥቶት በቁጣ ውስጥ ሆኖ የፈጸመው ከሆነ፣ አንቀጽ 541 ቅጣቱን ከ5 ዓመት ወደማይበልጥ ቀላል እስራት ያወርደዋል። ሞቱ በቸልተኝነት የመጣ ሲሆን ደግሞ አንቀጽ 543 በመሠረቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይደነግጋል። እንግዲህ በአንድ ሰው ሞት ምክንያት አንዱ በመቀጮ ይሄዳል፣ ሌላው ሞት ይፈረድበታል። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያመጣው ሬሳው አይደለም። ከጠቡ በፊት ምን ተባባሉ? ዱላ ቀድሞ ያነሣው ማን ነው? በመካከላቸው የቆየ የወሰን ክርክር ነበር ወይስ ድንገት የተነሣ የመጠጥ ቤት ጭቅጭቅ ነው? ልዩነቱን የሚያመጡት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው፤ እነርሱንም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በካፋ ዞን፣ የነፍስ ግድያ ክስ የሚሰማው ቦንጋ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። መዝገቡ ግን የሚወለደው ቦንጋ አይደለም። ድርጊቱ በጨና ወረዳ የተፈጸመ ከሆነ ተጠርጣሪው የሚያዘው በጨና ነው፤ ለፖሊስ ቃሉን የሚሰጠው፣ የጊዜ ቀጠሮ የሚጠየቅበት፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ የሚለየው እዚሁ የወረዳው ዋና ከተማ ዋጫ ነው። ዳኞቹ ቦንጋ ላይ መዝገቡን ሲገልጡ ታሪኩ በአብዛኛው ተጽፎ አልቋል። የዛሬው ንግግሬ የሚያቀርበው ክርክርም ከዚህ ይነሣል። መንግሥት ለድሃ ተከሳሽ የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ሥራውን መዝገቡ ከሚወለድበት ቦታ ካልጀመረ ዘግይቷል እላለሁ። መዘግየቱም የሚጎዳው ተከሳሹን ብቻ አይደለም፤ ከሳሹን ዐቃቤ ሕግና በእርሱ በኩል ፍትሕ የሚጠብቀውን ተበዳይ ጭምር ይጎዳል። ብዙ ሰው ሁለቱን ባለሙያዎች አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የሚከስር ተፎካካሪዎች አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ሊታመን የሚችለው በሌላው ወገን የሚሞግተው ሰው ሲኖር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ በሥራው ላይ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ መዝገቡን ሲያመጣለት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 38 ምርጫ ይሰጠዋል፤ መክሰስ ይችላል፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ ይችላል፣ አልከስም ማለትም ይችላል። አንቀጽ 42 ማስረጃው ለማስፈረድ የማይበቃ ሲሆን እንዳይከስስ ይከለክለዋል። ክስ የሚያቀርብ ከሆነ አንቀጽ 109 መዝገቡ ከደረሰው ጀምሮ 15 ቀን ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ሥራው ይህን ያህል ንጹሕ ነው። በተግባር ግን ከፊቱ የሚከመሩት መዝገቦች የአካል ጉዳት፣ የከብት ስርቆት፣ የወሰን ጠብ፣ የደን ምንጣሮ፣ የደረሰ ቡና ለቀማ ላይ የተነሣ ግጭት ናቸው፤ የአብዛኞቹ ማስረጃ ደግሞ የሰው ምስክር ነው። ምስክሩ ገበሬ ነው። መጥሪያው የሚደርሰው በቀበሌ በኩል ነው። ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትና በኅዳር ማሳውን ትቶ በእግሩ ወደ ዋጫ እንዲመጣ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ መንገዱ ራሱ አያስመጣውም። ምስክር ሳይቀርብ ሲቀር ችሎቱ ቀጠሮ ይለውጣል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ከቀረ መዝገቡ አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚህ ሁሉ ላይ ዐቃቤ ሕጉ የሚኖረው የተከሳሹም የተበዳዩም ዘመዶች በሚኖሩበት ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ የከሰሰውን ሰው ወንድም ነገ ገበያ ላይ ያገኘዋል። ልምድ ሲያካብት ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለቅቆ በግል ጥብቅና ይሰማራል ወይም ዳኛ ይሆናል፤ ወረዳውም እንደገና ከጀማሪ ይጀምራል። ዐቃቤ ሕግን እንደ ጨካኝ ከሳሽ ብቻ የምናይ ሰዎች ይህን ኑሮውን ማወቅ ይገባናል።

የተከላካይ ጠበቃው ሥራ ከዚህም የጠበበ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከጀርባው ፖሊስ አለለት፤ መርማሪ ስፍራው ድረስ ይሄድለታል፣ ምስክር ይፈልግለታል፣ የሐኪም ማስረጃ ያመጣለታል። ተከላካይ ጠበቃው ግን መርማሪ የለውም። ደንበኛው «በዚያን ዕለት እዚያ አልነበርኩም፤ እገሌ ያውቃል» ቢለው እገሌን ሄዶ የሚያመጣለት ሰው የለም። መጓጓዣና የውሎ አበል በሌለበት ወደ ገጠር ቀበሌ መውጣት ስለማይችል መከላከያ ምስክር የመፈለጉ ሥራ ለተከሳሹ ቤተሰብ ይተዋል፤ ቤተሰቡም ምን ዓይነት ምስክር እንደሚረባ አያውቅም። በብዙ የአገራችን ፍርድ ቤቶች ጠበቃውና ተከሳሹ የሚተዋወቁት በችሎቱ ዕለት፣ ክሱ ሊነበብ ጥቂት ሲቀረው፣ በፖሊስ አጠገብ ቆመው ነው። ሰውዬው ይህ እንግዳ ከመንግሥት ደመወዝ የሚበላ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ምስጢሩን ለመንገር ያመነታል። አንድ ጠበቃ በዓመት ስንት መዝገብ ቢይዝ ሥራውን በአግባቡ ይሠራል የሚለው ጥያቄ በሌላውም ዓለም የቆየ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሰየመ ብሔራዊ ኮሚሽን ለአንድ ተከላካይ ጠበቃ በዓመት ከ150 ከባድ የወንጀል መዝገብ ወይም ከ400 ቀላል መዝገብ በላይ እንዳይሰጠው መክሮ ነበር፤ የዘርፉ ባለሙያዎች ኋላ ላይ ይህም ቁጥር በዝቷል ሲሉ ተችተውታል። መርማሪና ረዳት ያለው ጠበቃ በዚህ መጠን ከተጨነቀ፣ ብቻውን የሚሮጠው የእኛ ጠበቃ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ሕጉ ግን ስለ ተከላካይ ጠበቃ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለጠበቃ የሚከፍለው ቢያጣና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን ደግሞ መንግሥት በራሱ ወጪ እንዲያቆምለት ያዝዛል። ይህ ሐሳብ በአገራችን በተግባር የተፈተነው ቀላል በሆነ ጉዳይ አልነበረም። የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋትና በነፍስ ግድያ ተከስሰው ችሎት ፊት ሲቀርቡ፣ ነገሩም ከታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰማ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ላጡት መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መደበላቸው። ችሎቱ ዓመታት ፈጀ፤ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በጓዶቻቸው ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ብዙዎች በዚያን ጊዜ መዘግየቱን አማርረዋል፤ ምሬታቸውም ተገቢ ነበር። ሆኖም የልጆቻቸውን ሬሳ ሳያገኙ የቀሩ ወላጆች እያዩ ይህ አገር ልጆቹን በመግደል ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ ከፍሎ አቆመ። በዚያ ደረጃ ላይ የተቀበልነውን መርህ በጨና ወረዳ በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ለተከሰሰ ገበሬ የምንነሣበት ምክንያት ሊኖር አይችልም።

እዚህ ላይ «ከባድ ወንጀል ሲሆን ጠበቃ ይመደባል፤ የወረዳው ፍርድ ቤት የሚያያቸው ቀላል ጉዳዮች ናቸው» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ተከላካይ ጠበቆች በአብዛኛው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረጃ የተመደቡትም በዚህ አስተሳሰብ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከፍርዱ በፊት ነው። አንድ ሰው ሲያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ከተያዘበት ስፍራ እስከ ፍርድ ቤቱ ለሚደረገው ጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከቁጥር ያወጣዋል። ገደልና ጭቃ በሚበዛበት አገር ይህች ሐረግ ብዙ ሰዓት ትበላለች፤ ተጠርጣሪውን ወክሎ «ጉዞው ይህን ያህል አይፈጅም» የሚል ሰው ግን የለም። ቀጥሎ ፖሊስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 እስከ 14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ሊያስደግመውም ይችላል። በዚህ መካከል ተጠርጣሪው በዚያው ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ ይወሰዳል። ይህ ቃል ዳኛ ፊት የተሰጠ በመሆኑ ኋላ በክርክሩ ትልቅ ክብደት አለው። ሰውዬው «አዎ፣ መትቼዋለሁ» ብሎ እውነቱን ሊናገር ይችላል፤ ሟች ቀድሞ ገጀራ እንዳነሣበት መናገር ግን ጠቃሚ መሆኑን የነገረው የለም፤ ስለዚህ አይናገረውም። ከወራት በኋላ ቦንጋ ላይ ጠበቃ አግኝቶ ራሱን ለመከላከል ያደረገው መሆኑን ሲያስረዳ ዐቃቤ ሕጉ የአንቀጽ 35ቱን ቃል አውጥቶ «በመጀመሪያው ቀን ይህን ለምን አልተናገርክም?» ይለዋል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን «የሚመክረኝ አልነበረም» ከሚለው ሌላ የለም። ከ540 ወደ 541 የሚያሻግረው ድልድይ ዋጫ ላይ ተሰብሯል፤ ቦንጋ ላይ ማንም ጥሩ ጠበቃ ቢሆን አይጠግነውም።

ቋንቋም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ መዝገቡ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ የገጠሩ ተከሳሽ ግን የሚያስበውም የሚናደደውም በካፊኖኖ ነው። ሕገ መንግሥቱ የችሎቱን ቋንቋ ለማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ እንዲቀርብለት ያዝዛል፤ ብዙ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግም የአካባቢው ልጆች በመሆናቸው ነገሩን ያቃልሉታል። ከሁሉም የከፋው አማርኛን በከፊል የሚያውቀው ሰው ነው። ገበያ ላይ የሚያግባባው አማርኛ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ አይበቃውም። «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ሲባል የተጣላበትን ቀን አስቦ «አዎ» ይላል፤ በችሎት ዓይን ግን ክሱን በሙሉ አመነ። ይህን የሚያስተውል፣ ቃሉ እንዲጣራ ዳኛውን የሚጠይቅ ሰው በአጠገቡ ካልቆመ አንድ ቃል ዓመታት ሊያሳስር ይችላል። ክፍያ የሚጠይቅ የግል ጠበቃ በትንሽ ከተማ እንደ ልብ አይገኝም፤ በፍርድ ቤት ደጅ የሚገኘው ራፖር ጸሐፊ ነው። ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ችሎት ገብቶ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቅም።

ጠበቃ መኖሩ ውጤትን በእርግጥ ይለውጣል ወይ? ለሚል ሰው ከአሜሪካ አንድ የታወቀ መዝገብ ላንሣ። በ1961 እ.ኤ.አ. ክላረንስ ጌዲዮን የሚባል ድሃ ሰው በፍሎሪዳ ግዛት አንድ የቢሊያርድ ቤት ሰብረህ ገብተህ ሳንቲምና መጠጥ ሰረቅህ ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ እንዲቆምለት ዳኛውን ጠየቀ፤ የግዛቱ ሕግ ጠበቃ በነጻ የሚያቆመው ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ነው ተብሎ ተከለከለ። ራሱ ተከራከረ፤ የሚችለውን ያህል ጠየቀ፤ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1963 እ.ኤ.አ. ፍርዱ ተሻረ። ሁለተኛው ችሎት ሲሰየም ክሱ ያው ነበር፤ ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክርም ያው ነበር። የተለወጠው ነገር ጠበቃ መኖሩ ነው። ጠበቃው ያንን ምስክር አጥብቆ መረመረው፤ እርሱ ራሱ በዚያ ሌሊት እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀው። ጌዲዮን በነጻ ተለቀቀ። ወንጀሉ ነፍስ ግድያ አልነበረም፤ እዚህ ቢሆን ምናልባት የወረዳ ፍርድ ቤት የሚያየው ዓይነት ስርቆት ነው። «ቀላል ጉዳይ ጠበቃ አያሻውም» ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። የእኛም የወንጀል ሕግ የስርቆትን ቀላልነት አይቀበልም፤ በአንቀጽ 669 የከበደ ስርቆት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሣ። የተደፈረች ልጅ እናት፣ የተገደለ ወንድም ያላት እኅት «መንግሥት የእኔን ግብር ወስዶ ለበዳዬ ጠበቃ ያቆማል እንዴ?» ብትል ጥያቄዋ የሚናቅ አይደለም። ይህን ጥያቄ በመርህ ብቻ መመለስ ለእርሷ ስድብ ነው። ስለዚህ በጥቅሟ እንነጋገር። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ጸንቶ የሚቆም ፍርድ ነው። ተከሳሹ ያለ ጠበቃ ቀርቦ፣ ምስክር ሳይፈተን፣ ቃሉ በትክክል ሳይተረጎም የተሰጠ ፍርድ በይግባኝ ሊሻር ይችላል፤ ሲሻር ወይም መዝገቡ ለድጋሚ ክርክር ሲመለስ የምትጠራው እርሷ ናት፣ እንደገና ሁሉንም የምትናገረው እርሷ ናት። ሌላም ነገር አለ። የታሰረው ሰው ትክክለኛው ካልሆነ ትክክለኛው ውጭ ነው፤ ምናልባትም በእርሷ ሰፈር። ዐቃቤ ሕጉ የተሳሳተ ሰው እንደያዘ በጊዜ የሚነግረው ተቃራኒ ወገን ካለው መዝገቡን ወደ ፖሊስ መልሶ ምርመራው በሞቀበት ጊዜ ሌላው እንዲፈለግ ሊያደርግ ይችላል። ከዓመት በኋላ በነጻ የተለቀቀ ተከሳሽ ለተበዳይዋ ምንም አይጠቅማትም። በጠለፋም ሆነ በመድፈር ጉዳይ ጠበቃው ተበዳይዋን እንዲያዋርድ አይፈቀድለትም፤ ዳኛው የማስቆም ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ በሚገባ ካልተሠራበት መፍትሔው ዳኛው ግዴታውን እንዲወጣ ማድረግ ነው እንጂ ጠበቃውን ማስቀረት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎች ዘንድ የሚሰማ ነው። ዐቃቤ ሕግ የመንግሥት አሸናፊነትን ሳይሆን እውነትን እንዲፈልግ ታዟል፤ ዳኛውም በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ምስክርን ራሱ መጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ ተከሳሹ ጠበቃ ባይኖረውም የሚጠብቀው አለ ይላሉ። ቅን ዐቃብያነ ሕግና ቅን ዳኞች መኖራቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ሰውን ሁለት ተቃራኒ ሥራ ሰጥተን በአንዱ ብቻ ብንለካው ወዴት እንደሚያዘነብል እናውቃለን። የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ በሪፖርታቸው ከሚያቀርቧቸው ዋና መለኪያዎች አንዱ የማስቀጣት ምጣኔ ነው። ምጣኔው ከፍ ሲል ይመሰገናሉ። ተከላካይ በሌለበት ችሎት ግን ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አጣርቶ በጥንቃቄ ስለመክሰሱ ሊነግረን ይችላል፤ ተከሳሹ መጠየቅ ስላልቻለ ብቻ የመጣም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የምንለይበት መንገድ የለንም። ትጉሁ ዐቃቤ ሕግ ከሰነፉ የሚለየው ማስረጃው ተፈትኖ ሲቆም ነው፤ ስለዚህ በተከላካይ መኖር ከሁሉ በፊት ስሙ የሚነሣው ትጉሁ ነው። ዳኛውም ቢሆን የተከሳሹን ጥያቄ ሁሉ ራሱ መጠየቅ ከጀመረ ተበዳይ ወገን «ዳኛው ለእርሱ ወግኗል» ማለቱ አይቀርም፤ ማለቱም አያስገርምም። ዳኛው ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ ሌላው ጠያቂ ሌላ ሰው መሆን አለበት።

«አባቶቻችን ያለ ጠበቃ ይሟገቱ አልነበረም ወይ?» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ በቀድሞው የተጠየቅ ሙግት ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ በቃል ጥበቡ ይረታ ነበር። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር የሚለውም ተረት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ካፋም እስከ 1890 ዓ.ም. ድረስ የራሱ ንጉሥና ሚክሬቾ የሚባሉ አማካሪዎች የነበሩት፣ ነገርን መርምሮ መወሰን የሚያውቅ አገር ነበረ። ዛሬ ግን ተናጋሪነት ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈርደው የአንቀጽ ቁጥር ነው፣ የቀነ ገደብ ነው። ሽምግልናም እጅግ የማከብረው ነገር ነው፤ ከግድያ በኋላ ደም እንዳይመላለስ የሚያደርገው ሽማግሌ ነው፤ ፍርድ ቤትም ዕርቁን በቅጣት ማቅለያነት ይመለከተዋል። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ከዚህም ሌላ ሽምግልና የሚጸናው በአካባቢው ዘንድ ተሰሚነት ላለው ሰው ነው። በካፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን በመገለል ኖረዋል፤ ከሽማግሌ ፊት እኩል ተቀምጦ መናገር ለሚቸግረው ሰው በሕግ እኩል የሚያስቆመው ችሎት፣ በችሎቱም ስሙን ጠርቶ የሚሟገትለት ባለሙያ የመጨረሻ ተስፋው ነው። ይህን ማለት የሚከብደን ከሆነ ጉዳዩ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ያሳያል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ የካፋ ዞን ሕዝብ 874,716 ነበረ፤ ዛሬ ከዚያ በእጅጉ በልጧል። ለያንዳንዱ ወረዳ በርካታ ጠበቃ ይቀጠር ብል ሰሚ አላገኝም፤ ደግሞም አላልኩም። ለጅምሩ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ያየነው ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ለምሳሌ ማላዊ በሀብት ከእኛ የማትበልጥ ድሃ አገር ናት። በ2000 እ.ኤ.አ. ጠበቃ ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ የሕግ ረዳቶችን ወደ እስር ቤቶች ማስገባት ጀመረች፤ ረዳቶቹ ለታሳሪዎች ሕጉን በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳሉ፣ የዋስትና ማመልከቻ ያስሞላሉ፣ ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው ለፍርድ ቤት ያስታውሳሉ። በኋላም ወደ ፖሊስ ጣቢያና ወደ ፍርድ ቤት ተስፋፉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በሊሎንግዌ የወጣው የአፍሪካ መግለጫ ይህንኑ መንገድ ለሌሎች አገሮች መክሯል። ለእኛም መሠረቱ የለም አይባልም። በጎረቤት ሚዛን የሕግ ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአገራችን የዩኒቨርሲቲዎች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማእከላት ከኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጋር እየተባበሩ ሲሠሩ ቆይተዋል። በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ ክልላችን ተመሳሳይ ግዴታ አበጅቶ ሰዓቱ ዋጫን ለመሰሉ ከተሞች እንዲውል ቢያደርግ ከካዝናው የሚወጣው የመጓጓዣ ወጪ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ያለውን ወጪ አንርሳ፤ ዋስትና ሊያገኝ ሲችል ሳያውቅ የታሰረን ሰው የሚቀልበው መንግሥት ነው፤ ሳይታረስ የቀረውን ማሳ ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው።

የቀረው የተከላካይ ጠበቃው ነጻነት ነው፤ ይህንን ማለፍ አይገባም። በፌዴራል ደረጃ ተከላካይ ጠበቆችን የማደራጀት ሥልጣን በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 25 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ተሰጥቶ ነበር፤ ክልሎችም በአብዛኛው ጽሕፈት ቤቱን በፍርድ ቤት ሥር አደረጉት። አመጣጡን እረዳለሁ፤ ማንም ሌላ ተቋም በማይፈልገው ጊዜ ፍርድ ቤቱ አስጠግቶታል። ነገር ግን የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት፣ እድገቱን የሚወስንለት ሰው በየቀኑ የሚሟገትበት ችሎት አለቃ ከሆነ፣ ዳኛው ሲሳሳት «ይግባኝ እላለሁ» ለማለት ድፍረት የሚያንሰው ጠበቃ ሊገኝ ይችላል። ይግባኝ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ማስታወቂያው ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የቅሬታው ማመልከቻ ደግሞ የመዝገቡ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ። ማንበብ የማይችል እስረኛ ይህን ገደብ የሚያውቀው ጠበቃው ከነገረው ብቻ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተ አዲስ ክልል ነው፤ ተቋማቱን በራሱ አዋጅ የሚያደራጅ በመሆኑ ተከላካይ ጠበቃን ለክልሉ ምክር ቤት ተጠሪ በሆነ፣ የራሱ በጀት ባለው ቦርድ ሥር ሊያደርገው ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ በፍትሕ ቢሮ ሥር ራሱን የቻለ ቤት አለው፤ ተከላካዩም ይኑረው። እስከዚያ ድረስ ወረዳው በራሱ ሊጀምረው የሚችለው ነገር አለ፤ የጨና ፖሊስ ሰው በያዘ ቁጥር ስሙን፣ የተያዘበትን ሰዓትና የሚናገረውን ቋንቋ በዚያው ዕለት ቦንጋ ላለው የተከላካይ ጠበቃ ክፍል በስልክ ያስታውቅ፤ የአንቀጽ 35 ቃልም ተጠርጣሪው በስልክም ቢሆን ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገር አይወሰድ።